አንጁሎ እጁን ያወጣ ዕለት

ዘንድሮ ለመስቀል ሴት ልጄ ሥጋ በፌስታል ይዛልኝ መጣች። ከሉካንዳ ቤት ነው የገዛችው፣ በኪሎ። ዋጋውን ስትነግረኝ አስደገምኳት፤ በዚያ ብር ድሮ ወይፈን ይገዛ ነበር። ፌስታሉን ከፍቼ ባሸተው የላስቲክ ሽታ ነው። ሥጋው ደህና ሥጋ ነው፣ አላማሁትም። ግን ከየትኛው በሬ እንደመጣ፣ በሬው ቀንዱ ምን ይመስል እንደነበረ፣ ሌላውን ጎኑን ማን እንደወሰደው አታውቅም። "አባ፣ ምን ጎደለው?" አለችኝ። "ሰው" አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። ማታውን ጋደም ብዬ ስንቱን አነሳሁ ጣልኩ፤ ከሁሉም ደጋግሞ የመጣብኝ ያ በበሬያችን ምክንያት ተሰብስበን ሶማሊያ ስለገባው ጦራችን እጅ ያወጣንበት ዓመት ነው። ልጆቼ ያንን ነገር ሲሰሙ ተረት ይመስላቸዋል። ስለዚህ በራሴ እጅ እየጻፍኩት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና የተጣመመ ነገር ካለ አንባቢ ያቃናው።

እኛ ሰባት ነበርን። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከወፍጮ ቤቱ ማዞሪያ እስከ ከድር ሱቅ ባለው መንገድ ላይ የምንኖር ወይም የምንሠራ ሰዎች ነን። ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያዋጣን፣ መስቀል ሲደርስ፣ እኛ ጊፋታ የምንለው ጊዜ ማለት ነው፣ በሬ ገዝተን ጋሽ ወልዴ ግቢ እናርድ ነበር። ጋሽ ወልዴ በዕድሜ ትልቃችን ናቸው፣ የጤና ጣቢያ ዘበኛ ሆነው ጡረታ የወጡ። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ሰባት መደብ ሆኖ ይደለደላል። እያንዳንዱ ሰው ለእጣው ምልክቱን ይሰጣል፤ እኔ የጎማ ቁራጭ፣ መምህሩ ጠመኔ። ምልክቱን በየመደቡ ላይ የሚጥለው ባለሱቁ ከድር ነው። ከድር የስልጤ ሰው ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ከእኛ እርድ አይበላም። የመረጥነውም ለዚሁ ነው፤ የማይበላ ሰው ለማን ብሎ ያዳላል? "ብትበሉ እናንተ፣ ብትጣሉ እኔ!" እያለ ይስቅብን ነበር። በሬው እንዲህ የወንዱ ነው። ቅቤው ግን የሴቷ ነው። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በየገበያው ትንሽ ትንሽ ቅቤ እየገዙ በገንቦ ያጠራቅማሉ። ባል ቅቤው ውስጥ አይገባም፣ ሚስት በሬው ውስጥ አትገባም። የመስቀል ሳምንት ቅቤው በየቤቱ ሲነጠር ሰፈሩ ሁሉ እሱን ይሸታል፤ ያልሸተተ ቤት ካለ አንድ ነገር ገብቷል ማለት ነው፣ መጠየቅም አያስፈልግም።

ያ ዓመት ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ያለው ነው። ቁጥሩን የፈለገ ይቁጠር፣ እኔ በቲሸርት ነው የማስታውሰው። ሚሌኒየም የተባለ ጊዜ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያለበት ቲሸርት ያልገዛ አልነበረም። በዓመቱ ታጥቦ ታጥቦ ቢጫው ነጭ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እሱን ለብሶ እንጨት ይፈልጣል፣ ባጃጅ ያጥባል። ባጃጅ ያኔ ገና አዲስ ነው፤ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በአንድ ብር ያደርስሃል። ሻይ ሰባ አምስት ሳንቲም ነው። እኔ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ እየቆረጥኩ በአሥራ አምስት ብር እሸጣለሁ፣ የሚከራከር ከመጣ በአሥራ ሁለት። ስለ ጤፉ ግን አትጠይቁኝ፤ ጤፍና በርበሬ በዚያ ዓመት አብደው ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንድ ካሴት ቤት ነበር። ሰውየው ካሴቱን ትቶ ሲዲ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ቀኑን ሙሉ አንዲት የወላይትኛ ዘፈን ይለቃል፤ ሲዲው ስለተጫረ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። የሰፈሩ ልጆች ሲዘፍኑት መደናቀፉንም ጨምረው ነው የሚዘፍኑት። አሁን ያ ቤት የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፣ ማዞሪያው ላይ ፎቅ ተሠርቷል። ወፍጮ ቤቱ የት ነበር ብትሉኝ በጣቴ አሳያችኋለሁ፣ ግን የምታዩት መስታወት ነው።

አንጁሎ የእኔ ጎረቤት ነው፤ በቤት ሳይሆን በሥራ። አናጢ ነው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ ይሠራል። የእሱን የሥራ ቤትና የእኔን የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ እሱ ሲመታ የእኔ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል። በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር። ሰሜን ነበር፣ ጦሩ ሲፈርስ ቆዳና አጥንት ሆኖ ተመለሰ። ስለዚያ አያወራም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ በዚያ ጊዜ እንደዚያ ሆኖ የተመለሰ ብዙ ነው፣ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያ ልጁ ብርሃኑ ይባላል። እግሩ ረጅም፣ ዝምታው የአባቱ። አሥረኛ ክፍል ተፈትኖ አልመጣለትም፣ ቴክኒክና ሙያ ግባ ስንለው ወታደር ቤት ገባ። ጦሩ ሶማሊያ ሲገባ አብሮ ገባ። መጀመሪያ ባይደዋ ነው አሉን፣ ቀጥሎ ሞቃዲሾ። ሲመቸው ከድር ሱቅ ባለው የመስመር ስልክ ይደውላል። ያኔ ከድር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ "የብርሃኑ እናት! የብርሃኑ እናት!" እያለ በመንገዱ መሃል ይሮጣል። እናቱ አማረች ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ትመጣለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "በላህ?" ትለዋለች። ስልኩ ሲዘጋ ወንበሩ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ከድር ለስላሳ ይከፍትላታል፣ አትጠጣውም።

ከድር ሱቅ ቴሌቪዥንም ሬዲዮም ስለነበረ በየምሽቱ እዚያ ነበር የምንከራከረው። ቴሌቪዥኑ ሁሉ ነገር ደህና ነው ይላል። መንገድ ላይ የሚወራው ሌላ ነው። መምህር ታደለ ታሪክ ያስተምራል፣ ቀጭን፣ ሲናገር ዙሪያውን የሚያይ ሰው ነው። "የገባ ጦር ወዲያው ካልወጣ መውጫው ይጠፋዋል" ይል ነበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ማቴዎስ ቀበሌ ነው የሚሠራው፣ ኪሱ ላይ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ አለ። "እና ሽብርተኛው ደጃችን ድረስ እስኪመጣ እንጠብቀው?" ይላል። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም፣ ተፈጥሮዬ ነው። "የእኔ ደጅ ሶዶ ነው። ከዚህ እስከዚያ ስንት ሰው ደጅ አለ?" አልኩት አንድ ቀን።

"አንተ ጎማህን ቁረጥ፣ ደምሴ!"

"አንተም ስብሰባህን ሰብስብ!"

ማቴዎስ ተናደደና ወደ ከድር ዞረ። "አንተስ ከድር? በሃይማኖት ወንድሞችህ ናቸው። ጦሩ ይውጣ ነው የምትለው ይቆይ?" ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ አልነበረም። ከድር ስኳር እየመዘነ ነበር፤ ቀና ሳይል "እኔ የምለው ስኳር ጨምሯል ነው" አለ። ሳቅን፣ ነገሩ አለፈ። አንጁሎ በዚህ ሁሉ ክርክር አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። የበረንዳውን ምሰሶ ተደግፎ ይቆማል፣ ዜናው ሲያልቅ ይሄዳል።

እንግዲህ በዚያ ዘመን እጅ ማውጣት ልማድ ሆኖብን ነበር። የቀበሌ ስብሰባ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የወላጅ ስብሰባ፣ የማዳበሪያ ስብሰባ፤ የሁሉም መጨረሻ "የሚደግፍ? የሚቃወም? ድምፀ ተአቅቦ?" ነው። ሰው ቤቱ ገብቶ ለራቱም እጅ ሳያስወጣ አይቀርም። መስቀል ሊደርስ ሲል እሑድ ከሰዓት ከድር በረንዳ ላይ ለበሬው ጉዳይ ተሰበሰብን። በሬው ከቦምቤ ገበያ ይምጣ ወይስ ከዚሁ ከሶዶ ተባለ፣ እጅ ወጣ፣ ቦምቤ አሸነፈ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ከውስጥ ሬዲዮው ስለ ሶማሊያ ጀመረ፤ ጦሩ ሊወጣ ይችላል አይችልም እያሉ ሰዎች ያወራሉ። መምህሩ አንድ ነገር አለ፣ ማቴዎስ መለሰለት፣ እኔ ገባሁ፣ የወፍጮ ቤቱ ወንድማማቾች ገቡ፣ ትልቁና ትንሹ፣ መጯጯህ ሆነ። ማቴዎስ ጠረጴዛ መታ። "በሥነ ሥርዓት! እንዲህ አይሆንም! ጦሩ ይውጣ የሚል እጁን ያውጣ!"

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ማንም አለመሳቁ ነው። ሰባት የበሬ ማኅበርተኞች ሶዶ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን የአገር ጦር ይውጣ አይውጣ ብለን ድምፅ ልንሰጥ። ከድር ብቻ "ውጤቱን ለማን ነው የምትልኩት?" ብሎ ጠየቀ።

እኔ ብብቴ እስኪታይ እጄን አወጣሁ። የወፍጮ ቤቱ ትንሹ አወጣ። ትልቁ "አውርድ!" አለው። "በወፍጮው እዘዘኝ፣ በእጄ አታዘኝም" አለው ትንሹ። መምህሩ ግማሽ ድረስ አውጥቶ ራሱን ማከክ ጀመረ።

"መምህር፣ አውጥተሃል አላወጣህም?" አለ ማቴዎስ።

"እያከክሁ ነው።"

"ይሄን ያህል ጊዜ?"

"እሺ ቁጠረው" አለ መምህሩ በሹክሹክታ።

ሦስት ሆነ። ይቆይ የሚል ሲባል ማቴዎስ ራሱ አወጣ፣ የወፍጮ ቤቱ ትልቁ አወጣ፣ ጋሽ ወልዴም አወጡ። ጋሽ ወልዴ "የተጀመረ ነገር ይጨረስ" ብለው ነው፤ ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድም ሲባል እንዲሁ ነው የሚሉት። ሦስት ለሦስት። ሁላችንም ወደ አንጁሎ ዞርን። እኔ "ተዉት እሱን፣ ልጁ ያለበት ነገር ነው፣ እሱ አይጠየቅም" አልኩ። ማቴዎስ "አባል ነው። ከፈለገ ድምፀ ተአቅቦ ይችላል" አለ። አንጁሎ ከተደገፈው ምሰሶ ቀና አለና እጁን አወጣ።

"ለየቱ ነው?" አለ ማቴዎስ።

"ይቆዩ።"

"ምን አልክ?" አልኩት እኔ።

"ይቆዩ አልኩ።"

"አንጁሎ፣ ልጅህ'ኮ እዚያ ነው!"

"የት እንዳለ አውቃለሁ።"

"ታዲያ በገዛ ልጅህ ላይ እጅህን ታወጣለህ? ምን ዓይነት አባት ነህ አንተ?"

ኮፍያውን አደረገና ሄደ። ማቴዎስ "አራት ለሦስት። ጦሩ ይቆያል" አለና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ከድር ወደ ሱቁ ገብቶ ሬዲዮውን ዘጋው።

ነገሩን ለአማረች የነገርኳት እኔ አይደለሁም፤ የወፍጮ ቤቱ ትንሹ ለሚስቱ ተናግሮ፣ ሚስቱ ናት ያደረሰችው። ብነግራትም ኖሮ አላፍርበትም። በማግስቱ ጠዋት አማረች ወደ ባሏ ሥራ ቤት መጣች። እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ ጎማ እየላግኩ ነው። "የትኛው ነው?" ስትል ሰማሁ።

"ምኑ?"

"ያወጣኸው እጅ። የትኛው ነው?"

ዝም ይላታል ብዬ ነበር። ሰውየው እጁን አሳያት መሰለኝ፣ ምክንያቱም ቆየችና "እሺ" አለች። ሄደች። ከዚያ በኋላ ያንን ቀኑን ሙሉ መዶሻ አልሰማሁም። በዚያ መስቀል ሰፈሩ ሁሉ ቅቤ ሲነጥር የአንጁሎ ቤት ብቻ ሽታ አልነበረውም። አማረች ገንቦዋን ሞልታ ነበር፣ ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ። ባለቤቴ ልታግባባት ሄዳ የሰማችው ይህንን ነው፤ "ቅቤው የልጄ ነው። ልጄ ሲመጣ እነጥረዋለሁ። ካልመጣም..." ብላ አልጨረሰችውም አለችኝ። ባሏን አልሰደበችውም፣ አላባረረችውም። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ አታናግረውም።

የእርዱ ቀን አንጁሎ አልመጣም። ከድር እጣ ሲጥል የአንጁሎ ሥራ ቤት ሄዶ ከመሬት ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አንስቶ መጣ፤ "ሰውየው ባይኖር ምልክቱ አለ" አለ። ድርሻውን የወፍጮ ቤቱ ትልቁ ተሸክሞ ለአማረች ወሰደ። ወዲያው ተሸክሞ ተመለሰ። "ምን አለች?" አልነው። "በድምፅ የታረደ ሥጋ ቤቴ አይገባም አለችኝ" አለ፣ ላቡን እየጠረገ። ሥጋው እንሰት ቅጠሉ ላይ ቁጭ አለ። ማናችንም እንውሰደው አላልንም። ጋሽ ወልዴ ለቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነዳያን ሰጡት። እኔ የራሴን ድርሻ ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ ባለቤቴ በቅቤና በዳጣ አድርጋ አቀረበችልኝ፤ ዳጣችን ያው እንደሚታወቀው ዓይን የሚያስለቅስ በርበሬ ነው። በላሁ። አልጣመኝም ልል አልችልም፣ ጥሞኛል። ግን ከአንጁሎ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ተለያይተን ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። እኔ ሰው ሲያስቀይመኝ ማስመሰል አላውቅም። የመሰለኝን ተናገርኩ፣ ልጁን ስለወደድኩም ነው የተናገርኩት።

ወራት አለፉ። ኅዳር ይሁን ታኅሣሥ፣ ጦሩ ሊወጣ ነው ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረ። ማቴዎስ በማግስቱ ሱቁ በረንዳ ላይ ቆሞ "ተልዕኮው ስለተጠናቀቀ መውጣቱ ትክክል ነው" ሲል ሰማሁት።

"እጅህስ?" አልኩት።

"ያኔ ያኔ ነው፣ አሁን አሁን ነው።"

የወፍጮ ቤቱ ትልቁም ዞረ። ጋሽ ወልዴም "እንግዲህ ተጨረሰ ካሉ ተጨረሰ" አሉ። መምህሩ ራሱን ማከክ ትቶ ጮክ ብሎ መናገር ጀመረ። ስለዚህ በሰፈራችን፣ ምናልባትም በሶዶ ሙሉ፣ ጦሩ ይቆይ የሚል አንድ ሰው ቀረ፤ ልጁ እዚያ ያለው ሰው። አማረች ፊቷ በራ፣ ቤቷን በአዲስ ጭቃ ለቀለቀች። አንጁሎ ግን ልጁ ሊመጣ ነው ሲባል ከሰውነት ወጣ። ሥራ ተወ። የያዘው የሰው መስኮት ግማሹ ተሠርቶ ቆመ። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ሄዶ ከውጭ የሚገቡትን መኪናዎች ያያል፣ ገና ማንም ሳይመለስ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ በቆርቆሮው በኩል "ይኸው ሊመጡ ነው፣ አሁንስ ምን ትላለህ?" አልኩት። "መንገዱ ረጅም ነው" አለ። ግትርነት መሰለኝ። ግትር ሰው ሳይ አውቃለሁ፣ እኔው ራሴ ነኛ።

ብርሃኑ የመጣው በጥር ነው፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ። እኔ ከሐዋሳ የተላከልኝ ጎማ ልቀበል መናኸሪያ ነበርኩ፤ አንጁሎ እንደ ልማዱ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ልጁ ከአውቶቡስ ወረደ፣ ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ ትከሻው ላይ የወታደር ሻንጣ አለ። አባትየው ሄደ። ፊቱን አላየውም። ጎንበስ ብሎ እግሩን ነው ያየው። ልጁ የወታደር ጫማ አድርጓል፣ ሶሉም ደህና ነው። አንጁሎ ጫማውን በእጁ ዳሰሰው፣ ከዚያ ነው ቀና ብሎ ያቀፈው። ጫማ የምሠራው እኔ ሆኜ እንኳ ሰው ሲመጣ የማየው ፊቱን ነው። ገርሞኝ ነበር፣ ለማንም ግን አላወራሁም።

የዚያን ዕለት አማረች ገንቦዋን ከፈተች። በጥር ወር ሰፈሩ የመስቀል ሽታ ሸተተ፤ መንገደኛ ሁሉ ቀና እያለ ያሸት ነበር። ሙቿ የሚባለውን ምግባችንን ሠራች፣ ቆጮው በቅቤ እስኪዋኝ ድረስ። መጥታ ለሁላችንም አስጠነቀቀች፤ "ስለዚያ እጅ ለልጄ የነገረ ሰው እንደ ጠላቴ ነው።" ማንም አልነገረውም። እኔም ዝም አልኩ፣ ከባድ ነበር ግን ዝም አልኩ። ለባሏ ግን አሁንም ምግብ ታቀርባለች እንጂ አታናግረውም። ልጁ ይህንን ያያል። አንድ ቀን ሥራ ቤቴ መጥቶ በረባሶ ሲያስለካ "ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ሳልኖር ቤታችን ምን ሆኖ ነው?" አለኝ። "አባትህን ጠይቅ" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ጋሽ ወልዴ ናቸው ነገሩን የቆረጡት። "ያለፈው መስቀል አልተበላም። በሬ እንግዛ" አሉ። በጥር? ተባለ። በጥር አሉ። ማቴዎስ "ድምፅ ይሰጥበት" ሊል አፉን ሲከፍት "አንተ አፍህን ያዝ" አሉት፤ በዕድሜያቸው ለማንም እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። አዋጣን፣ ቀይ ትንሽ በሬ ተገዛ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ወልዴ ግቢ ተሰበሰብን፣ አንጁሎም መጣ፣ ልጁም መጣ። ሴቶቹ ማድ ቤት ናቸው፣ በሩ ክፍት ነው። በሬው ታስሮ ከመጣሉ በፊት እንግዲህ አንድ ሥርዓት አለ፤ ትልቁ ሰው "በልቡ የያዘ አለ?" ብሎ ይጠይቃል። የያዘ ይናገራል። ይዞ የበላ ለራሱም ለልጆቹም አይበጀውም፤ እኛ ጋ ይህ ቀልድ አይደለም። ጋሽ ወልዴ ጠየቁ። ብዙውን ጊዜ "የለም፣ የለም" ተብሎ ይታለፋል።

"እኔ አለኝ" አለ አንጁሎ።

ወደ ልጁ ዞረ። "አንተ እዚያ ሳለህ እዚህ ሰፈር ጦሩ ይመለስ፣ ይቆይ ተብሎ እጅ ወጣ። እኔ ይቆዩ ብዬ አወጣሁ።"

አማረች ከማድ ቤቱ በር ላይ "አንተ ሰውዬ!" አለች። በእጇ ጭልፋ ይዛለች።

ብርሃኑ አባቱን አየው። "ለምን?" አለ። ቁጣ አልነበረበትም። መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀው።

አንጁሎ ያንን ያህል ሲናገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። "ያኔ ሰሜን ስንዋጋ የሞተብን አለ" አለ። "ተመለሱ ከተባልን በኋላ የሞተብን ግን ይበልጣል። መንገድ ላይ ነው። አዛዥ የለም፣ መኪና የለም፣ ውሃ የለም። የደከመውን 'ትንሽ አረፍ በልና ድረስብን' እንለዋለን። እንደማይደርስ እናውቃለን፣ እሱም ያውቃል። የዚሁ የሃላሌ አገር ልጅ ነበር አንዱ፣ ጓደኛዬ ነው፣ ጫማው አለቀና ተቀመጠ። ድረስብኝ ብዬው ሄድኩ። እነዚህ ሰዎች ይመለሱ ይመለሱ ሲሉ ለእኔ የሚታየኝ ያ መንገድ ነው። ባለበት ቢቆይ ቢያንስ አጠገቡ ሰው አለ ብዬ ነው ያወጣሁት። በአንተ ላይ አይደለም።"

በሬው ይተነፍሳል። ብርሃኑ "አባዬ፣ እኛ'ኮ በመኪና ነው የመጣነው" አለ።

"በመኪና?"

"በኦራል። እስከ ድንበር፣ ከዚያም ወዲህ በመኪና።"

"ውሃስ?"

"ቦቴ ነበር።"

"የታመመ፣ ወደ ኋላ የቀረ..."

"ቆጥረው ነው የጫኑን። ሲያወርዱንም ቆጠሩን። በየአደርንበት ይቆጥሩን ነበር።"

"ቆጠሯችሁ?"

"ቆጠሩን አባዬ።"

አንጁሎ ወደ እኛ ዞረ። "ቆጥረዋቸዋል" አለ ለጋሽ ወልዴ፣ እሳቸው እንዳልሰሙ ሁሉ። ለመምህሩም ነገረው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ከመስቀል ወዲህ ፊት ለፊት ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው። "ደምሴ፣ ቆጥረዋቸዋል" አለኝ። "ሰምቻለሁ" አልኩት። ዓይኑን አላየሁትም፣ ጎማ ስቆርጥ የተቆራረጠውን ጣቴን አየሁ።

አማረች ጭልፋዋን እንደያዘች ከማድ ቤቱ ወጥታ መጣች። ሴት እዚያ አትቆምም፣ ማንም ግን አልከለከላትም። ባሏ ፊት ቆመች። ያን ሁሉ ወር ያላናገረችው ሴት "የሃላሌው ልጅ፣ ስሙ ማን ነበር?" አለችው። ነገራት። እሷም ስሙን አንድ ጊዜ ደገመችው፣ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ማድ ቤቱ ተመለሰች። ቅቤው ምጣድ ላይ ሲንጫጫ ተሰማ።

ዛሬ ጋሽ ወልዴ የሉም፣ አንጁሎም የለም። መምህሩ ወደ አገሩ ተዛወረ፣ ከድር ሱቁን ለልጆቹ ለቆ በየጥቂት ቀኑ ሊያየኝ ይመጣል፣ ዛሬም ስኳር ጨምሯል ይለኛል። ማኅበሩ መቼ እንደፈረሰ በትክክል አላውቅም፤ አንድ ዓመት ያልተሰበሰብን ጊዜ ሳይታወቀን ፈረሰ። ብርሃኑ ሚኒባስ ይነዳል፣ ልጆች አሉት። ስለ ሶማሊያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፣ እንደ አባቱ ነው። ሰው እየጠየቀኝ "አንጁሎ ትክክል ነበር ለማለት ነው?" ይለኛል። አይደለም። የፈራው ነገር አልደረሰም፣ እኔም ያልኩት ሆነ፤ ጦሩ ወጣ፣ ልጁ በእግሩ ቆሞ ከአውቶቡስ ወረደ። እኔ በዚህ ላይ የምለውጠው ነገር የለኝም።

ያን ዕለትም አልለወጥኩም። አማረች ከገባች በኋላ ጋሽ ወልዴ ቢላዋቸውን ይዘው እንደገና ዞሩብን። "ሌላ በልቡ የያዘ አለ?" አሉ፣ እያዩ ያሉት እኔን ነው። የያዘ ይናገር ነው ሥርዓቱ፣ ስለዚህ ተናገርኩ።

"እኔ ጦሩ መውጣት ነበረበት ነው የምለው። ዛሬም እሱኑ ነው የምለው።"

አንጁሎ "እኔም መቆየት ነበረበት ነው የምለው" አለ፣ የበሬውን ገመድ እየጎተተ።

ጋሽ ወልዴ ሁለታችንን አዩን። "እሱ ቂም አይደለም" አሉ። "በሉ፣ አንተ በዚያ፣ አንተ በዚህ፣ እግሩን ያዙልኝ።"